ልብስ እስክታሰጣ ድረስ

ባልየው ከሚስቱ የሰረቀው ዕቃ ቢሆን ኖሮ ሳታየው ቦታው ይመልሰው ነበር። የሰረቀው ግን ዕቃ አልነበረም። ሁለት እግር ያላት፣ ገና አፏን ያልፈታች፣ ጠዋት ጠዋት ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ የምትጠብቅ ልጅ ነበረች።

ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነው። የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ ቀጭቀጭ» ይሉታል። ስሙ እንዲሁ ከሜዳ አልመጣም። ቶንዶስ ባየ ቁጥር እሪ የሚል፣ አንገቱን እንደ ኤሊ የሚቀብር ሕፃን ሲመጣበት፣ መቀሱን ከጀርባው ይደብቅና ምላሱን ከላንቃው እያላቀቀ «ቀጭ፣ ቀጭ… ቀጭ» ይላል። ሕፃኑ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሲፈልግ ግማሽ ራሱ ተስተካክሎ ያልቃል። እናቶቹ «ይሄ ሰውዬ መድኃኒት አለው» ይላሉ። እሱም «መድኃኒቴ ምላሴ ናት፤ ቤት ስገባ ግን አትሠራም» ይላቸዋል።

ቤት ያለችው ሚስቱ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ዕድሜዋን የታማሚ አንሶላ ስታጥብ፣ ስትተኩስና ስታጣጥፍ የኖረች፣ እጇ በበረኪና የሻከረ፣ ቃሏን እንደ ሳሙና የምትቆጥብ ሴት ናት። ለልጅ ፊት ማጣመም፣ መጋረጃ ውስጥ ተደብቆ ብቅ ማለት አይሆንላትም። ልጅ የፈለገችው ግን እሷ ናት። ጎረቤት በወለደ ቁጥር ሄዳ የአራሷን ልብስ ሁሉ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ መርቃ ትመለስና የራሷን በር ስትዘጋ ድምፅዋ ይጠፋ ነበር። ባልየው ያንን ዝምታ እያወቀ «እኔ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ሳባብል ስለምውል፣ ማታ ጸጥታ ማግኘቴን አልጠላም» እያለ ይቀልድበት ነበር። በኋላ በሌላ አገር ወላጅ ያጡ ሕፃናት ለአሳዳጊ እንደሚሰጡ ሰማች። ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተችው እሷ፣ የጠበቀችው እሷ፣ ተስፋ ቆርጣ እንደገና የጀመረችው እሷ ናት። እሱ «እዚህ ጋ ፈርም» ሲባል ፈረመ።

ያም አገር ሕግ አለው። ልጅ ለማሳደግ ከውጭ የመጣ ሰው ልጁን ተቀብሎ በማግስቱ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ቤት ተከራይቶ ከልጁ ጋር ይሰነብታል። የልጆች ጉዳይ ባለሙያ እየመጣች ታያለች። «ተላምደዋል» ስትል ብቻ ይሸኛሉ። ለእነሱ የተመደበችው ባለሙያ ቋንቋቸውን ተምራ እንደ እነሱው የምትናገር፣ ፈገግታዋ ቶሎ የማይመጣ ወጣት ነበረች።

ልጅቷን መጀመሪያ ያዩዋት ማሳደጊያው ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነው። ሁለት ዓመት አካባቢ ቢሆናት ነው። ፀጉሯን ማን እንደላጨው እንጃ፣ እዚህ ተነጭቶ እዚያ ቀርቶ፣ ፀጉር አስተካካይ ቢያየው የሚያስለቅስ ነበር። ሚስትየው ተንበርክካ ሁለት እጇን ዘረጋች። ልጅቷ እጆቹን ትክ ብላ አየቻቸውና በጎናቸው አልፋ ሄዳ የባልየውን ሱሪ ያዘች። ያን ዕለት እንኳ ምላሱን ከቦታው አላንቀሳቀሰም።

ባለሙያዋ ወደ ጎን ወሰደችው።

«አባት፣ ይሄ የተለመደ ነው። ልጆች አንዱን ወላጅ ይመርጣሉ። ስለዚህ ማብላቱ፣ ማጠቡ፣ ማቀፉ ለጊዜው የእናት ብቻ ይሁን። እርስዎ ቤት ውስጥ ይኑሩ፣ ግን እንደ ግድግዳ ይሁኑ።»

«ግድግዳ መሆን አይከብደኝም» አላት። «ደንበኞቼም ሲያወሩኝ እንደዚያ ነው የሚያዩኝ።»

«የምሬን ነው። እጇን ወደ እርስዎ ብትዘረጋ ለእናቷ ያሳልፏት።»

«እሺ» አለ። እሺ ለማለት ምን ይከብዳል።

የተከራዩት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ መኝታ ክፍልና አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት ነው። የጠረጴዛው ልብስ ፕላስቲክ ነው፤ ክርን ያስደገፉበት እንደሆነ ይዞ አይለቅም። መስኮቱ ከታች ያለውን መንገድና አንድ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ያሳያል። ልብስ የሚሰጣው ከላይ፣ የፎቁ ጣሪያ ላይ ነው። ገመዱ የጋራ ስለሆነ የእነሱ ተራ ጠዋት ነው። ልጅቷን ስም እስኪያወጡላት ሚጢጢ አሏት። ሚስትየው በየማለዳው የሚጢጢን ልብስ አጥባ ባልዲዋን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለው ነበር።

«ካለቀሰች ጥራኝ። እንዳታነሳት።»

በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቷ አለቀሰች። ብታለቅስስ ምን ነበረበት፣ ልቅሶ ስንት ሰምቷል። ይቺ ግን ድምፅ አልነበራትም። በሩ እንደተዘጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ትከሻዋ ብቻ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋን ለራሷ አወረደችው። ማንም እንደማይመጣላት የምታውቅ ልጅ ልቅሶ ነበር። ባልየው እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ጨብጦ ተቀመጠ። ሚስቱን መጥራት ይችል ነበር፤ ደረጃው አንድ ፎቅ ብቻ ነው። ምላሱ ግን ቀደመችው።

«ቀጭ።»

ልጅቷ ዞረች።

«ቀጭ፣ ቀጭ።»

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከዚያ እቅፉ ውስጥ ነበረች። እንዴት እንዳነሳት አያስታውስም፤ ብቻ ራሷን አገጩ ሥር ወትፋ ስትተነፍስ ሙቀቷን ያስታውሳል። ስንት ሕፃን ይዞ፣ ስንቱን አባብሎ፣ ሁሉንም ለእናቶቻቸው መልሶ ሰጥቷል። ይቺን ግን የሚመልስላት እናት ደረጃ ላይ ናት። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ሲሰማ ልጅቷን ቀስ ብሎ ከነበረችበት አስቀምጦ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ ከውጭ የሚያይ ሰው መንገድ የሚመለከት ይመስለዋል።

«አለቀሰች?» አለችው ገብታ።

«ትንሽ። ወዲያው ተወችው።»

«ጎበዝ» አለች ሚስትየው፣ ለልጅቷ። ጉንጯን ልትነካ ስትል ሚጢጢ ራሷን ወደ ኋላ ሳበች።

ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያም በማግስቱ። ውሎ አድሮ ባልየው ሚስቱ ባልዲ ስታነሳ ልቡ የሚዘል ሰው ሆነ። ኋላ ደግሞ ሙዝ መጣ። አቅፏት ሳለ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ሙዝ ልጦ በትንሽ በትንሹ ያጎርሳታል፤ አበላሏ ጥርስ አያስከድንም። ልጣጩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ኪሱ ይከተዋል። ሚስትየው ከጣሪያ ወርዳ ገንፎውን አቀዝቅዛ በማንኪያ ስታቀርብላት፣ ሚጢጢ አፏን ትገጥማለች። ስትለምናት ማንኪያውን በእጇ ትመታዋለች። ገንፎው የሚስትየው ደረት ላይ ያርፋል።

«ምን አድርጌሽ ነው፣ የኔ እናት?» ትላታለች ሚስትየው።

ባልየው ኪሱ ውስጥ ያለው ልጣጭ እያረጠበው እንደ ግድግዳ ይቆማል።

በዚያ ላይ ደግሞ ቫዝሊኑ አለ። ሚስትየው አመሻሽ ላይ፣ ሚጢጢ ከተኛች በኋላ፣ እጆቿን እስከ አንጓዋ በቫዝሊን ትለውስና ካልሲ ታጠልቅባቸዋለች። እንደዚያ ሆና ነው የምትተኛው። መጀመሪያ ያየ ቀን ሳቀባት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቦክስ ልትገጥሚ ነው እንዴ?»

«እጄ ስለሻከረ ነው» አለችው፣ ሳትስቅ። «ስነካት የምትሸሸው እጄ እየፋቃት ይመስለኛል።»

ባልየው ካልሲ ያጠለቁትን እጆች አየና መብራቱን አጠፋ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚስትየው ታላቅ እህት ከአገር ቤት ደወለች። ሚስትየው የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ የሚጢጢን ልብስ እያጣጠፈች ታወራለች። ባልየው ወጥ ቤት ኩባያ ያጥባል።

«ልጄ እንዴት ናት?» አለች እህትየው።

«ደህና ናት።»

«አቀፍሻት?»

«ትገፋኛለች፣ እትዬ።»

«ልጅ እንደ ድመት ነው። ካሳደድሽው ይሸሻል፣ ከተውሽው ራሱ መጥቶ ጭንሽ ላይ ይወጣል።»

«ትቼም አይቻለሁ። ዓይኗ የሚሄደው እሱ ላይ ነው።»

«እሱማ እኩያዋ ስለሆነ ነው።»

ሚስትየው ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። የያዘችውን ትንሽ ቀሚስ አጣጥፋ፣ ፈታ፣ እንደገና አጣጠፈች።

«እትዬ፣ ባለሙያዋ በሁለት ቀን ውስጥ ትመጣለች። ይቅርብኝ ልላት ነው።»

«ምኑ ነው የሚቀረው?»

«ልጅቷ ናታ። እናት ማጣቷ ሳያንሳት የማትፈልጋትን እናት ልጨምርባት? ለልጅ አልተፈጠርኩም ማለት ነው። ሰው ይህን ያህል ዘመን ያልተሰጠው ነገር የእሱ እንዳልሆነ ማወቅ አለበት።»

«አፍሽን ያዢ» አለች እህትየው። ከዚያ ድምፅዋ ላላ። «ባልሽስ ምን ይላል?»

«እሱ ምን ይበል። ምስኪን፣ እንደ ግድግዳ ቁም ብለውት ቆሟል።»

ባልየው የታጠበውን ኩባያ ደግሞ አጠበው። መናገር ነበረበት። እጁን ጠራርጎ መጥቶ ሊናገርም አፉን ከፍቶ ነበር። የወጣው ቃል ግን «ሻይ ላፍላልሽ?» የሚል ሆነ።

ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ ለራሱ አንድ ዘዴ አበጀ። ሳይናገር ይተወዋል። ከዛሬ ጀምሮ ጣቱን አያስነካትም፤ ልጅቷ ትረሳዋለች፣ ወደ እናቷ ትዞራለች፣ ነገሩም ሳይታወቅ ይቀበራል። ፈሪ ሰው ጥፋቱን ማረም ሲያምረው መጀመሪያ የሚያስበው እንዳይታወቅበት ነው።

ጠዋት ባልዲውን ቀድሞ አነሳ።

«ዛሬ እኔ ላስጣው።»

«አንተ?» አለች ሚስትየው። «መቆንጠጫ በየት በኩል እንደሚነክስ ታውቃለህ?»

«መቀስ የያዘ እጅ መቆንጠጫ አያቅተውም።»

ሚጢጢ ባልዲውን በእሱ እጅ ስታይ ተነስታ መጣች። እሱ አላያትም። ማለት፣ አይቷታል፤ እንዳላየ ሆኖ ወጣና በሩን ከኋላው ሳበው። ጣሪያው ላይ ነፋስ ነበር። ትንንሽ ካልሲዎችን አንድ በአንድ ሰቀለ። እስከ ትናንት የበደለው ሚስቱን ብቻ ይመስለው ነበር። አሁን ግን ልጅቷንም አስለምዶ ጥሏት መሄዱ ገባው፤ እንዲህ ያደረጉባት ሰዎች ደግሞ እሱ የመጀመሪያው አይደለም።

ሲወርድ በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበር። ከውስጥ ድምፅ ሰማና እግሩ ደረጃው ላይ ቀረ።

«ቀጭ።»

ደከም ያለ፣ ምራቅ የበዛበት ድምፅ ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ቀጭ… ቀጭ» አለ።

በክፍተቱ አየ። ሚጢጢ በሩ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ምላሷን ከላንቃዋ እያላቀቀች በሩን ትጠራዋለች። ጠርታ ዝም ትላለች፤ ታዳምጣለች፤ ደግሞ ትጠራለች። ሚስትየው ከኋላዋ ማንኪያ እንደያዘች ደርቃለች። ያንን ድምፅ እሷ ካላወቀችው ማን ያውቀዋል? ስንት ዓመት ምሳውን ይዛለት ፀጉር ቤቱ ስትሄድ ከደጅ ስትሰማው የኖረችው ድምፅ ነው።

ባልየው በሩን ገፋ። ልጅቷ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋችለት። እሱ ባልዲውን ይዞ ቆመ።

«ማን አስተማራት?» አለች ሚስትየው።

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«አንቺ ልብስ ለማስጣት ስትወጪ።»

«በየቀኑ?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ታቅፋታለህ?»

«አዎ።» ተጀምሮ አይቆምምና የቀረውንም አወጣው። «ሙዝም አበላታለሁ። ገንፎውን የምትተፋው ጠግባ ነው።»

ሚስትየው ማንኪያውን አየችው። አልጮኸችም። ቢጮኹበት የሚቀለው ሰው ይኖራል፤ እሷ ያንን አልሰጠችውም።

«እኔ እኮ እጄ መስሎኝ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ካልሲ አጥልቄ ስተኛ እያየህ።»

«እያየሁ።»

«ቀለድክብኝ እንኳ።»

ባልየው በቁሙ ቀለጠ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ነበር፤ ግን ከዚያ ሁሉ ቫዝሊን አጠገብ ሲያስቀምጠው አነሰበት። ሚጢጢ እጆቿን እንደዘረጋች አንዴ እሱን አንዴ እሷን ታያለች። በመጨረሻ እጆቿ ደከሟትና አወረደቻቸው።

«ነገ ለባለሙያዋ ትነግራታለህ» አለች ሚስትየው። «እኔ አልነግርልህም።»

ነገራት። ጠረጴዛው ላይ፣ ክርኑ ፕላስቲኩ ላይ እንደተጣበቀ፣ ሙዙን ሳያስቀር ነገራት። ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባት፣ ልጅቷን መውደድዎ አይደለም ጥፋቱ። ከእናቷ ደብቀው መውደድዎ ነው። አሁን ደግሞ ድንገት ሊጠፉባት ነበር።»

«ለእሷ ብዬ ነው።»

«ለራስዎ ነው። መደበቁም ለራስዎ፣ መተዉም ለራስዎ።» ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወደ ሚስትየው ዞረች። «እናት፣ እርስዎስ? በስልክ ወሳኝ ነገር አለኝ ብለውኝ ነበር።»

ሚስትየው ሻካራ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተመለከተቻቸው።

«ነበረኝ» አለች። «አሁን ግን የለኝም። ይህቺ ልጅ ትወደኝ እንደሆነ፣ ትጠላኝ እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? ገና ተርባ አቅርቤላት አላውቅም እኮ።»

ባለሙያዋ ቆይታቸውን አራዘመችላቸው። ለባልየው ደግሞ ሥራ ሰጠችው። ጠዋት ጠዋት ይወጣል። ተሸሽጎ አይወጣም፤ በር ላይ ተንበርክኮ ልጅቷን ይሰናበታታል፣ እመለሳለሁ ይላታል፣ ባለው ሰዓት ይመለሳል። «ቋንቋው ባይገባት መምጣትዎ ይገባታል» አለችው።

በመጀመሪያው ቀን ሲሰናበታት እጅጌውን ያዘችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከእጅጌው ያላቀቀችው ሚስቱ ናት። ከታች መንገዱ ዳር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከአራተኛ ፎቅ የሚወርደውን ልቅሶ ሰማ። አሁን ድምፅ ያለው ልቅሶ ነበር። ሰው ያልፋል፣ ብስክሌት ያልፋል፣ እሱ ጫማውን ያያል። ጆሮውን ሊደፍን አሰበና ይህም ማምለጥ ነው ብሎ ተወው። ልቅሶው ቆመ። ለምን እንደቆመ ሊያይ ተነሳና መልሶ ተቀመጠ። የሚያባብላት እሱ ያልሆነበት ልቅሶ እንዴት እንደሚያልቅ አያውቅም ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ከረመ። ሚስትየው ምሳውን ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ ስለ ልጅቷ ግን አትነግረውም። በላች ወይ ብሎ የመጠየቅ ድፍረት አጣ። የገንፎውን ሳህን ማጠቢያው ውስጥ እያየ ይገምታል።

አንድ ጠዋት አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ አንድ ነገር ቋ ብሎ እግሩ ሥር ወደቀ። የልብስ መቆንጠጫ ነበር። ቀና አለ። ሌላ ወረደ። ከጣሪያው ግንብ በላይ የሚስቱ ራስና ትከሻ ይታያል፤ ገመዱ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ጀርባዋ ላይ በአንሶላ የታዘለች ሚጢጢ፣ አንዷን እጇን አውጥታ እናትየው ትከሻ ላይ ከደረደረችው መቆንጠጫ አንድ አንድ እያነሳች ወደ መንገዱ ትወረውራለች። ሚስትየው እጆቿ ሥራ ላይ ናቸው። አታባብላትም፣ አትለማመጣትም። እርጥብ ልብስ ታራግፋለች፤ ልጅቷም አንገቷን በእናትየው ትከሻ ላይ አስግጋ የሚሠሩትን እጆች ታያለች። መቆንጠጫ ስታጣ እጇን ወደ ፊት ትሰዳለች፣ ሚስትየውም ዞር ሳትል አንድ ትሰጣታለች። ያም ይወረወራል።

ባልየው እየለቀመ ኪሱ ከተተ። ሚስትየው ወደ ታች አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ መቆንጠጫዎቹን ይዘህ ና።»

ተነሳ።

«አሁን አይደለም። በሰዓትህ።»

ተቀመጠ። አንድ አላፊ አግዳሚ ባይገባውም ሳቀበት።

በሰዓቱ ወጥቶ አንኳኳ። ሚጢጢ ሮጣ መጣችና ሱሪውን ያዘች። ተንበርክኮ መቆንጠጫዎቹን በሁለት መዳፏ ላይ አፈሰሰላት። ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ አንድም ሳታስቀር፣ እያንጠባጠበች፣ እየለቀመች፣ ወደ እናትየው ባልዲ ወስዳ ገለበጠቻቸው። ሚስትየው ወለሉ ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጣጥፋለች። ልጅቷ ክምሩ ላይ ቂጢጥ አለች። የተጣጠፈውን አነሳች፣ በተነች፣ ለሚስትየው ሰጠቻት። ሚስትየው እንደገና አጣጠፈችው። ሁለቱም የሰለቻቸው አይመስሉም።

«ለባለሙያዋ ደውልላት» አለች ሚስትየው ቀና ሳትል።

«ምን ልበላት?»

«እንወስዳታለን በላት።»

ባልየው እንደ ልማዱ በቀልድ ሊያልፈው ፈለገ።

«እኔንስ ትወስጂኛለሽ?»

ሚስትየው አልሳቀችም።

«አንተን ገና እያየሁህ ነው።»

ባልየው በሩ ጋ፣ ከጫማዎቹ አጠገብ ቁጭ አለ። ሚጢጢ ከክምሩ ላይ አየችው። ምላሷን ከላንቃዋ አላቀቀችና «ቀጭ» አለችው። ጠበቀች። እሱ ሚስቱን አየ። ሚስትየው የያዘችውን ልብስ ጠርዙን ከጠርዙ አገናኝታ በመዳፏ ደጋግማ ዳመጠችው።

«መልስላት እንጂ» አለችው። «ልጅ ሲጠራ ዝም አይባልም።»

ምላሱን ወደ ላይ አነሳ። አፉ ግን ደርቆ ነበርና ድምፅ አልወጣውም።